ኩርፊያው ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ንግግሩን ከየት እንጀምር?

ጠያቂ፦ የሁለት ልጆች እናት (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ባለቤቴና እኔ ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል፤ የሰባት ዓመት ሴትና የአራት ዓመት ወንድ ልጆች አሉን። የምንኖረው ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሲሆን ሁለታችንም ተቀጣሪ ሠራተኞች ነን። ባለቤቴ አይጠጣም፣ ውጭ አያመሽም፣ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም፤ ልጆቹንም ከልቡ ይወዳል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የምጽፈውን አንብባችሁ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ ነው። ችግራችን ስንጋጭ ማኩረፉ ነው። ኩርፊያው በአንድና በሁለት ቀን አይበርድም፤ አሥር ቀን የዘለቀበት ጊዜ አለ፣ አሁን ደግሞ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል።

የአሁኑ መነሻ የዕቁብ ገንዘብ ነው። በየወሩ ከሁለታችን ደመወዝ እያዋጣን በእሱ ስም የምንጥለው ዕቁብ አለን። ዕጣው ሲወጣልን የልጃችንን የትምህርት ቤት ክፍያ እንከፍላለን፣ በሚተርፈው ደግሞ ያረጀውን ማቀዝቀዣ እንቀይራለን ብለን ከተስማማን ቆይተናል። ዕጣው መውጣቱን ግን ከእሱ አልሰማሁም። የነገሩኝ እሑድ ዕለት ከደብረ ብርሃን ሊጠይቁን የመጡት አማቴ ናቸው። ከገንዘቡ ገሚሱ ለታናሽ ወንድሙ የባጃጅ መግዣ እንዲሆን መሰጠቱን የማውቅ መስሏቸው «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ አንቺ ባትፈቅጂ ይህ አይሆንም ነበር» ብለው መረቁኝ። ቡና እየቀዳሁ ነበር። ጀበናውን አስቀምጬ «በቤቴ ውስጥ እንግዳ መሆኔን ዛሬ ነው ያወቅሁት» አልኩ። አማቴ ደነገጡ፤ እሱ ምንም ሳይናገር ተነሥቶ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደህና አደርሽ አይለኝም። የአስቤዛውን ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ትቶ ይወጣል፤ ያቀረብኩለትን ራት ይበላል፣ ከዚያም ስልኩን ይዞ ወደ መኝታ ቤት ይገባል። የቤት ኪራይ ከፋይና አከራይ እንኳ ከዚህ የተሻለ ይነጋገራሉ። ውሃ የሚመጣበትን ቀን ለማሳወቅ እንኳ ለልጃችን «ለእማ ንገሪያት» ይላታል፤ እኔም፣ አልዋሽም፣ «ለአባባ ምሳው ቦርሳው ውስጥ ነው በይው» ማለት ጀምሬአለሁ። ባለፈው ሐሙስ ከትምህርት ቤት ይዣት ስመለስ ደረጃው ላይ ቆም ብላ «ዛሬስ ታርቃችኋል?» አለችኝ። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የእሷ ጥያቄ ነው።

ምን ሆነሃል ብዬ ስጠይቀው የሚመልስልኝ ቃል «ምንም» የሚለው ብቻ ነው። እናቴን ባማክራት «ዝም አይነቅዝም፤ አንቺም ዝም በይ፣ ራሱ ይመጣል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ራሱ ይመጣል። ከዚህ በፊት በነበሩት ጊዜያት አንድ ማታ ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ ጎረቤት ወይም ስለ መብራት መጥፋት ማውራት ይጀምርና ኩርፊያው ያበቃል። የተጣላንበት ጉዳይ ግን ሳይነሣ ይቀርና በሚቀጥለው ጠብ ላይ ተደርቦ ይመጣል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ጠብ ተነጋግረን የጨረስን አይመስለኝም። ሽማግሌ ልላክበት ወይስ የንስሐ አባታችንን ላስጠራ? ወይስ ራሴ የምሞክረው ነገር አለ? ካለስ የመጀመሪያው ቃል ምን ይሁን?

መልስ 1፦ ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ በምኖርበት ሰፈር ከሃያ ዓመት በላይ ለሽምግልና ስጠራ ስለኖርኩ የምነግርሽ ከዚያ ያየሁትን ነው። ሽማግሌ ለመላክ አትቸኩዪ። ሽማግሌ ቤት ሲገባ ሁለታችሁን ለየብቻ ይሰማል፤ ከዚያ «አንተም ተው፣ አንቺም ተይ» ብሎ ይገሥጻል፣ ይቅር ያስብላል፣ ቡና ይፈላል፣ ይመርቃል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ የተቀጣጠለ እሳት ለማጥፋት ይረዳል፤ ብዙ ትዳር ከመፍረስ ሲድንበት አይቻለሁ። ነገር ግን በሚቀጥለው ወር ዕቁብ ሲወጣ ሽማግሌው ጠረጴዛችሁ ላይ አይቀመጥም። ደግሞም ገመናው ወደ ውጭ ከወጣ በኋላ ባልሽ «ሰው ጠራችብኝ» የሚል ሁለተኛ የኩርፊያ ምክንያት ያገኛል። የንስሐ አባትም ቢሆኑ ሁለታችሁ ተስማምታችሁ ስትጠሯቸው ሌላ ነው፣ በአንድ ወገን ሲጠሩ ሌላ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልውቀስሽ፣ አትቀየሚኝ። የተናገርሽው ቃል እውነት ነበር፤ የተናገርሽበት ቦታ ግን በእናቱ ፊት ነበር። እኔ ከሩቅ ሆኜ ስገምት እሱ ያኮረፈው በእናቱ ፊት ስለ ተዋረደ ነው፤ አንቺን ያስከፋሽም የገንዘቡ መሄድ ሳይሆን ወሬውን ከሌላ ሰው አፍ መስማትሽ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሁለታችሁም የተጣላችሁት በገንዘብ ይመስላችኋል። ስለ ገንዘቡ ብቻ ለመነጋገር ከተቀመጣችሁ ቁጥር ትቆጥሩና ትነሣላችሁ፤ የከፋው ነገር ባለበት ይቀራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ለአማትሽ ስልክ ደውዪ። «ያን ዕለት ያስደነገጥኩዎትን ይቅር ይበሉኝ» በያቸው፤ ስለ ገንዘቡ ግን ትንፍሽ አትበዪ። ይህን ያደረግሽው ለእሳቸው ብለሽ ይሁን፣ ለባልሽ እንዲነግሩልሽ ብለሽ አታድርጊው። እሳቸው ይነግሩታል፣ ያ የእናት ሥራ ነው።

የባልሽን አስተዳደግም አስቢ። እኔም በዚያው መንገድ ነው ያደግሁት። ወንድ ልጅ ሆደ ሰፊ ይሁን፣ የሆዱን አያውጣ እየተባለ ያድጋል፤ ሆደ ሰፊነት ማለት ነገርን ችሎ ማለፍ መሆኑ ቀርቶ ነገርን አምቆ መያዝ ሆኖ ይቀራል። አባቴ ከእናቴ ጋር ሲቀያየም ለፈረሱ ይናገር ነበር እንጂ ለእሷ አይናገርም ነበር፤ እኛ ልጆቹ አባታችን ምን እንደከፋው የምናውቀው ፈረሱ ላይ ሲጮህ ነው።

መልስ 2፦ የትዳር አማካሪ

እህቴ፣ በሥነ ልቡና ሙያ ከባለትዳሮች ጋር የምሠራ ሰው ነኝ፤ ሰውየውን ሳላየው ስለ እሱ ፍርድ መስጠት ስለማልችል የምጽፈውን እንደ አጠቃላይ ሐሳብ ውሰጂው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ጆን ጎትማን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ባልና ሚስት ሲነጋገሩ በቪዲዮ እየቀረጸ፣ የልባቸውንም ምት እየለካ ለዓመታት ተከታትሏል። ትዳርን ክፉኛ ይጎዳሉ ብሎ የለያቸው ጠባዮች አራት ናቸው፦ የሰውየውን ማንነት የሚነካ ወቀሳ፣ ንቀት፣ ለተነሣው ቅሬታ ጆሮ ሳይሰጡ ራስን ብቻ መከላከል፣ በመጨረሻም እንደ ግድግዳ ዝም ማለት። የመጨረሻው በብዛት የታየው በወንዶች ላይ ነው። በመሣሪያ ሲለካ ግን ግድግዳ የሆነው ሰው ውስጡ ጸጥ ያለ አልነበረም፤ የልቡ ምት በደቂቃ ከ100 በላይ ይወጣ ነበር። በዚያ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው የሚነገረውን በትክክል አይሰማም፣ የሚመልሰውንም አያመዛዝንም። ሰውነቱ እስኪረጋጋ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ያስፈልገዋል፤ በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ስለ ጠቡ እያሰላሰለ ከተቀመጠ ደግሞ አይረጋጋም።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ሁለት ገጽ አለው። ባለቤትሽ ያን ዕለት ተነሥቶ መውጣቱ የባሰ ቃል ላለመናገር ሊሆን ስለሚችል በዚያ ላይ አትፍረጂበት። ሃያ ደቂቃና ሃያ አንድ ቀን ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሦስተኛው ሳምንት የልብ ምት ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ እዚህ ላይ ኩርፊያው ቅጣት ወይም ልማድ ሆኗል። ስለዚህ ጠቡ ሲበርድ፣ ሁለታችሁም ደህና በሆናችሁበት ቀን፣ አንድ ስምምነት ብታደርጉ እመክራለሁ፦ ከሁለታችሁ አንዱ ንግግሩ ሲከብደው ማቋረጥ ይችላል፣ ነገር ግን ያቋረጠው ሰው መቼ እንደሚመለስ በዚያው ይናገራል፤ በተናገረው ሰዓትም መጥቶ ንግግሩን የሚከፍተው እሱ ነው። «አሁን አልችልም» ከሚለው ቃል ይልቅ «አሁን አልችልም፣ ከራት በኋላ እንነጋገር» የሚለው በጣም የተለየ ነው፤ የመጀመሪያው በር መዝጋት ነው፣ ሁለተኛው ግን ቀጠሮ ነው።

የመጀመሪያው ቃል ምን ይሁን ላልሽው፣ «ምን ሆነሃል?» ብለሽ አትጠይቂ። በእኛ ቋንቋ ለዚህ ጥያቄ ከ«ምንም» በቀር የተለመደ መልስ የለም። ሰዓቱን ጠይቂው፤ «ስለ እሑዱ ነገር ልናገር የምፈልገው አለ፤ ዛሬ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይሁን ወይስ ቅዳሜ ጠዋት ይሻልሃል?» በዪው። ለመምረጥ አፉን መክፈት ይኖርበታል። ንግግሩ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ያለው ቃና መጨረሻውን በአብዛኛው እንደሚወስነው እነዚያው ጥናቶች አሳይተዋል፤ ስለዚህ «አንተ ሁልጊዜ»፣ «አንተ መቼም» ከሚሉ ቃላት ተጠበቂ። በተረፈ የተሰማሽን ተናገሪ፣ ከዚያ ወደፊት ምን እንዲሆን እንደምትፈልጊ ለይተሽ ጠይቂ፤ ለምሳሌ «ዕቁቡ መውጣቱን ከእናትህ ስሰማ ባይተዋርነት ተሰማኝ፤ ከመወሰንህ በፊት ብትነግረኝ እፈልግ ነበር» ማለት ትችያለሽ።

ልጅቷን ግን ከዛሬ ጀምሮ ከመልእክተኛነት አውጧት። ይህን ለማድረግ የእሱን ፈቃድ አትጠብቂ፤ አንቺ በራስሽ በኩል ያለውን አቁሚ። «ታርቃችኋል?» ብላ ስትጠይቅ «አባባና እኔ ተቀያይመናል፣ የእኛ ጉዳይ ነው፣ አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም» ብሎ መመለስ ይበቃል። ልጆች ምክንያቱን ሲያጡ ራሳቸውን ምክንያት ያደርጋሉ።

በመጨረሻም ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር፤ ዝምታው ከማስፈራራት፣ የቤት ወጪ ከመከልከል፣ ከዘመድ ጋር እንዳትገናኝ ከማድረግ ወይም ከዱላ ጋር ከተያያዘ ጉዳዩ የመነጋገር ችሎታ ማነስ ስላልሆነ ከላይ የጻፍኩት ምክር አይሠራለትም። እንዲህ ባለ ጊዜ መጀመሪያ የሚፈለገው ደኅንነት ነው።

መልስ 3፦ አኩራፊ የነበርኩት

እኔ ለእህታችን የምመልሰው በሌላኛው ወገን ሆኜ ነው። ሃያ ሁለት ቀን አኩርፌ አውቃለሁ፤ የምኮራበት ነገር አይደለም። በአኩራፊ ሰው ሆድ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ስለማውቅ እርሱን ልጻፍ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት በእውነት ንዴት አለ። በልቤ ክርክር እከራከራለሁ፣ እሷ የምትመልሰውንም እኔው እመልሳለሁ፣ ሁልጊዜም እረታለሁ። ከአራተኛው ቀን በኋላ ግን ንዴቱ ያልፋል። ያኔ የሚቀረው እፍረት ነው። አሁን ብናገር «ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ለምን ዘጋኸኝ?» ብትለኝ ምን እመልሳለሁ የሚል ፍርሃት ይይዘኛል፤ ቀኑ በጨመረ ቁጥር ደግሞ የመመለሻው ዋጋ ይጨምራል። ስለ ጎረቤት ወይም ስለ መብራት መጥፋት ድንገት ማውራት የሚጀምረው ለዚህ ነው። እህቴ፣ ያ የባልሽ ይቅርታ ነው፤ በጣም የሰነፈ ይቅርታ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ሌላ በር አጥቶ በመስኮት መግባቱ ነው።

የእኔን ሃያ ሁለት ቀን የሰበረው አንድ የስልክ መልእክት ነበር። ባለቤቴ ከሥራ ስወጣ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ኩርፊያህን መቀጠል ትችላለህ፤ ነገር ግን ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ገዝተህ ና።» ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ጠጋ ብለው አዩኝ። ሽንኩርቱን ይዤ ገባሁና «ቀዩ ጠፍቶ ነጩን ነው ያመጣሁት» አልኳት። ከሃያ ሁለት ቀን በኋላ የተናገርኩት የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ይህ ነው። ያን ማታ ስለ ጠቡ አላነሣችብኝም፤ ያነሣችው በማግስቱ ነው። በዚያው ማታ ብታነሣው ኖሮ ተመልሼ እዘጋ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለ ወንድሙ ገንዘብም አንድ ነገር ልበል፤ እኔም የቤቴ የበኩር ልጅ ነኝ። ወንድሜ ችግሩን ይዞ ሲመጣ «ሚስቴን ላማክር» ማለት አፌ ላይ ይከብደኝ ነበር፤ ከአፌ ሲወጣ የወንድነቴን ሚዛን የሚያጎድል ይመስለኝ ነበር። ከዚህ በስተጀርባ ደግሞ ሌላ ስሌት አለ፦ ባማክራትና እምቢ ብትል በወንድሜና በእሷ መካከል እቆማለሁ፤ ካላማከርኳት ግን የምቆመው በእሷና በራሴ መካከል ብቻ ነው፣ እሷ ደግሞ ይቅር ትለኛለች። ስሌቱ ነውረኛ ነው፣ ነገር ግን ብዙ ወንዶች ዘንድ እንዳለ አውቃለሁ። እሱን ስታናግሪው «ለምን ደበቅኸኝ?» ከምትዪው «ብትነግረኝ ምን የምል መስሎህ ነበር?» ብለሽ ብትጠይቂው እውነተኛው መልስ የሚመጣ ይመስለኛል።

ሌላው ትንሽ ነገር፣ ፊት ለፊት አታስቀምጪው። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ «እንነጋገር» ስባል ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን የምሰጥ ይመስለኛል። ባለቤቴና እኔ ቅዳሜ ጠዋት በእግራችን ወደ ገበያ ስንወርድ እናወራለን፤ ጎን ለጎን ስንሄድ ዓይን ለዓይን ስለማንተያይ ከባዱ ነገር ይወጣል።

መልስ 4፦ የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ

ጉዳዩ ወደ ሕግ የሚሄድ ስላልሆነ አጭር ማብራሪያ ብቻ እሰጣለሁ። በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት በጋብቻው ዘመን ከሥራቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ንብረታቸው መሆኑን ይደነግጋል። በዚሁ ሕግ መሠረት አንደኛው ተጋቢ ሲጠይቅ ሌላኛው ስላገኘው ገቢ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ከጋራው ገንዘብ ከ500 ብር በላይ ለሌላ ሰው ለማበደር ወይም ከ100 ብር በላይ በስጦታ ለመስጠትም የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ዛሬ መቶ ብር ለሁለት ሰው ምሳ እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ ጣሪያው የወጣው በ1992 ዓ.ም. ስለሆነ ነው። ሐሳቡ ግን አላረጀም።

ይህን የምነግርዎ በራት ሰዓት አንቀጽ እየጠቀሱ እንዲያነቡበት አይደለም፤ ቢሮዬ ከሚመጡት ጥንዶች መካከል ሕጉን ቀድሞ በቤት ውስጥ የጠቀሰው ወገን ጠቡን ሲያባብሰው ነው ያየሁት። «የማይገባኝን ነው እንዴ የምጠይቀው?» ብለው ራስዎን እንዳይጠራጠሩ ያህል ይወቁት። ከዚያ በፊት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርገው ነበር፤ የዛሬዎቹ ባሎች አባቶች ያገቡት በዚያ ሕግ ዘመን ነው። ልጆቻቸው በአዲሱ ሕግ ተጋብተው በአሮጌው ልማድ የሚተዳደሩት ለዚህ ይመስለኛል። ለወንድሙ የተሰጠው ገንዘብ ብድር ነው ወይስ ስጦታ የሚለውን ግን ሁለታችሁ ቁርጡን ብትነጋገሩበት መልካም ነው፤ በቤተሰብ መካከል ይህ ሳይለይ ሲቀር ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ጠብ ከአሁኑ የከፋ ነው።

መልስ 5፦ ከሜሪላንድ

የአማካሪውን ምክር አከብራለሁ፤ ግን «ባይተዋርነት ተሰማኝ» ብዬ ብጀምር ባለቤቴ «ይህን ደግሞ ከየት ተማርሽው?» ነው የሚለኝ። እዚህ አሜሪካ ወደ አንድ የትዳር አማካሪ ሄደን ነበር። በእንግሊዝኛ የተማርነውን ዐረፍተ ነገር ቤት ገብተን ወደ አማርኛ ስንመልሰው የቲያትር ልምምድ እየመሰለን አንዳችን ስንናገር ሌላችን እንስቅ ነበር። በኋላ የገባኝ የራሳችን ቋንቋ ለዚህ የተሻለ ቃል እንዳለው ነው። «ቅር አለኝ» ማለት ማንንም አይከስም፣ ሆድ ውስጥ ያለውን ግን ሙሉ በሙሉ ይናገራል። «ከፍቶኛል»፣ «ሆዴ ባባ» የሚሉትም እንደዚያው ናቸው። እናቶቻችን እነዚህን ቃላት ለጎረቤት ይናገሯቸው ነበር እንጂ ለባሎቻቸው አይናገሯቸውም ነበር፤ ቃሉ ሳይጠፋ አድራሻው ነው የተሳሳተው። በተቃራኒው ለባል የሚቀርበው አሽሙር ነው። እህቴ ጀበናውን አስቀምጣ የተናገረችው ራሱ በደንብ የተሠራ አሽሙር ነበር፤ እኔ ብሆን ከዚያ የባሰ እናገር ስለነበር አልፈርድባትም።

ባለቤቴ ማታ እኔ ቀን ስለምንሠራ ለሁለት ዓመት ያህል ቤት ውስጥ የምንተላለፈው በር ላይ ነበር። ማቀዝቀዣው ላይ አንድ ደብተር ሰቅለን እንጻጻፍ ነበር። አፉን መክፈት ለሚከብደው ሰው ብዕር ይቀለዋል፤ ደግሞ የተጻፈ ነገር አይጮህም።

ጠያቂዋ ተመልሳ፦ የሁለት ልጆች እናት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ ሁሉም ያማረ አይደለም።

መጀመሪያ ለአማቴ ደወልኩ። ይቅርታ ስጠይቃቸው አለቀሱ፤ ለካ ያን ዕለት ወደ ደብረ ብርሃን የተመለሱት «ቤታቸውን አፈረስኩባቸው» እያሉ ነበር። ስለ ገንዘቡ አላነሣሁም፤ እሳቸው ሊያነሡ ሲሉም ወሬውን ለወጥኩ። መምህር እንዳሉት ለልጃቸው ነገሩት መሰለኝ፣ በማግስቱ ጠዋት ሲወጣ «ደህና ዋይ» አለ። ለእኔ ይበለው ለልጆቹ እርግጠኛ ባልሆንም ለራሴ አድርጌ ወሰድኩት።

ከዚያ ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። «ዕቁቡን ከእማማ ስሰማ በጣም ቅር አለኝ። በእሳቸው ፊት መናገሬ ደግሞ ጥፋቴ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን እህቴ ጋ ትቼ በእግር እንውጣ?» የሚል ነበር። ወረቀቱን የምሳ ዕቃው ላይ ነው ያስቀመጥኩለት። ማታ ሲመለስ ወረቀቱ ከነምሳ ዕቃው ተመለሰ፤ ከሥሩ «ሦስት ሰዓት» የሚል ተጽፎበታል።

ቅዳሜ ለአንድ ሰዓት ያህል ሄድን። ግማሹን መንገድ ስለ አስፋልቱ ቁፋሮ ነው ያወራነው። ከዚያ «ብትነግረኝ ምን የምል መስሎህ ነበር?» አልኩት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «እምቢ አትዪም ነበር፤ ግን ፊትሽ ይለወጣል። ያ ፊትሽ ለወር ያህል ቤት ውስጥ ይቆያል» አለኝ። ይህን ስሰማ መልስ አጣሁ። እኔ በአፌ አላኮርፍም እንጂ በፊቴ አኮርፋለሁ ማለት ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሚያኮርፈው እሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ስለ ገንዘቡ ስንነጋገር ግን ድምፃችን ከፍ አለ። ብድር ነው ወይስ ስጦታ ብዬ ስጠይቀው «ወንድሜን ልክሰሰው?» ብሎ ፊቱን አዞረ። «አሁን አልችልም» አለ፤ እኔም የአማካሪውን ነገር አስታውሼ «መቼ?» አልኩት። «ከሰዓት» አለ። ከሰዓት አልመጣም፤ የመጣው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው፤ መጣ ግን። ወንድሙ ባጃጁ ሥራ ከጀመረ በኋላ በየወሩ የተወሰነ እንዲመልስ እሱ ራሱ ሊነግረው ተስማምተናል። ወደፊትም ለእሱም ሆነ ለእኔ ቤተሰብ ከአምስት ሺህ ብር በላይ ከመሰጠቱ በፊት ሁለታችን እንድንነጋገር ተስማምተናል፤ ይህ ለእኔም እንደሚሠራ ሲነግረኝ ትንሽ ደነገጥኩ፣ ባለፈው ዓመት ለእህቴ የላክሁትን አስታውሼ ነው።

ትናንት ልጄ ከልማዷ «አባባ ውሃ ነገ ነው የሚመጣው ብሏል» ብላ ስትመጣ እሱ ከሳሎን ሆኖ «ተዪ፣ እኔ እነግራታለሁ» አላት። የማቀዝቀዣው ነገር ግን ገና አልተቋጨም፤ እሱ ያገለገለ እንግዛ ይላል፣ እኔ አልፈልግም። ለመጪው ቅዳሜ አሳድረነዋል።